እንደ ያለበት ሁሉ ተነጻጻሪ አይደለም፦ ዘይቤን ከጽሑፍ ውስጥ ለይቶ የማውጣት መመሪያ

ባለፈው ግንቦት ነው። ድሬዳዋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ጥላ ላይ በሚጋደምበት ሰዓት። የጎረቤቴ ልጅ የአማርኛ ደብተሩን ይዞ መጣ። አሥረኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራው አንድ ገጽ ልቦለድ ሰጥቶ «ዘይቤዎቹን አውጡ» ይላል። ልጁ አሥራ አንድ ቦታ ላይ አስምሯል። አሥራ አንዱም ቦታ «እንደ» የሚል ቃል አለ። ከሥራቸው «ተነጻጻሪ ዘይቤ» ብሎ ጽፏል። ከአሥራ አንዱ ልክ የነበሩት ሦስቱ ናቸው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። የተነገረው እንዲህ ነው፦ «እንደ» ካለ ተነጻጻሪ፣ ከሌለ ተለዋጭ። ይቺ ሕግ ለምርጫ ጥያቄ ትበቃ ይሆናል። መጽሐፍ ለማንበብ ግን አትበቃም። እኔ ያን ዕለት ለልጁ ያሳየሁትን መንገድ ነው እዚህ የማሰፍረው። የዘይቤዎቹን ስም መሸምደድ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። ስሙን ቀድሞ የያዘ ሰው፣ ስሙን የሚለጥፍበት ነገር ሲያሳድድ ጽሑፉ ያመልጠዋል።

1. እስክሪብቶውን አስቀምጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ይሄ የማይዘለል እርምጃ ነው፣ በተለይ ለአማርኛ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «አሁንም» ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚደረገው ነው፣ ሲጠብቅ ቁም ነገሩ ነው። ዓይን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያልፋቸዋል፣ አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ለመምረጥ ያመነታችሁበት ቦታ ላይ ምናልባት ደራሲው አንድ ነገር ቀብሯል። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

2. እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይሄ በእውነት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት

«ድሬ ግንቦት ላይ ትሞቃለች።» ይሆናል። እለፉት። «ድሬ ግንቦት ላይ ምጣድ ናት።» አይሆንም፤ ከተማ ምጣድ አይደለችም። አስምሩ። በዚህ ደረጃ የዘይቤውን ስም አትጻፉ፣ አስምሩ ብቻ።

ሁለት ነገሮች እዚህ ያደናግራሉ። አንደኛው የሞተ ዘይቤ ነው። የጠረጴዛ እግር፣ የጠርሙስ አንገት እንላለን። አንድ ጊዜ ዘይቤ ነበሩ፣ አሁን የዕቃው መጠሪያ ሆነዋል። አታስምሩባቸው። ደራሲው «ጠረጴዛው አንድ እግሩን አሞታል» ካለ ግን የሞተውን ቀስቅሶታል፣ ያን ጊዜ አስምሩ።

ሁለተኛው ፈሊጥ ነው። «እጅ ሰጠ»፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ»። የፈሊጥ መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንዱን ቃል በቅርብ ዘመዱ ቀይሩት። «ክንድ ሰጠ» ብትሉ ትርጉሙ ይጠፋል። ስለዚህ ፈሊጥ ነው። ተለዋጭ ዘይቤ (አንዱን ነገር ሌላ ነው የሚለው) ግን ቢለወጥም አይሞትም። «ድሬ ምጣድ ናት» በሚለው ፋንታ «ድሬ ምድጃ ናት» ብትሉ ነገሩ ያው ይቆማል።

3. «ማን? በማን? በምናቸው?»

ያሰመራችሁበትን ሁሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት። ማን? ድሬ። በማን? በምጣድ። በምናቸው? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። «በሙቀት» ብሎ ይዘጋል። ምጣድ ግን ከሥር ነው የሚግለው። ድሬም አስፋልቱ ከሥር ነው የሚፈጀው፣ ጫማ የቀጠነበት ሰው ያውቀዋል። ምጣድ ላይ ደግሞ የሚጋገር አለ። ማነው የሚጋገረው? ሦስተኛውን ጥያቄ ሁለቴ ጠይቁት፣ ፍሬው እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ «እንደ»። ይቺ ቃል ብዙ ሥራ ላይ የተቀጠረች ናት፣ ማነጻጸር አንዱ ሥራዋ ብቻ ነው። «ባቡሩ እንደ ደረሰ ወረዱ» ሲል ጊዜ ነው የምትናገረው፣ ወዲያው ማለቷ ነው። «እንደ ነገርኩህ» ሲል «በነገርኩህ መሠረት» ነው። «እንደሚመጣ አውቃለሁ» ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማያያዣ ሆናለች። የልጁ ስምንት ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ነበሩ።

ከዚህ የረቀቀችው ወጥመድ ይቺ ናት፦ «እንደ አባቱ ረጅም ነው።» እዚህ በእርግጥም ማነጻጸር አለ። ዘይቤ ግን የለም። ሰውን ከሰው ጋር ቁመት ማለካካት ነው፤ ሜትር ይዞ ማረጋገጥ ይቻላል። «እንደ መስጊድ ሚናራ ረጅም ነው» ሲል ግን ሁለቱ ከተለያየ ወገን ናቸው፣ ሰውና ግንብ። ተነጻጻሪ ዘይቤ ማለት ከተለያየ ወገን የመጡ ሁለት ነገሮች ባንድ ባሕርይ ሲገናኙ ነው። «እንደ ታላቅ ወንድም እመክርሃለሁ» የሚለውስ? ተናጋሪው በእርግጥ ታላቅ ወንድሙ ከሆነ ማዕረጉን መናገሩ ነው። ባዳ ከሆነ ግን ማነጻጸር ነው። መልሱ ያለው ሌላ ገጽ ላይ ነው ማለት ነው።

«ይመስላል»ም ያው ነው። «ሊዘንብ ይመስላል» ግምት ነው እንጂ ዘይቤ አይደለም።

በተገላቢጦሹ፣ «እንደ» ሳይኖር ተነጻጻሪ ይኖራል። «ድምፁ ባቡር ያህላል»፣ «ከወፍጮ ድንጋይ የከበደ ዝምታ»። ተረቶቻችን ደግሞ ምንም ምልክት ሳያስቀምጡ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አቁመው ይሄዳሉ፦ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ።» «እንደ» የለ፣ «ይመስላል» የለ። ነገር ከጠጅ ጋር፣ ምሳሌ ከብርሌ ጋር ተደርድሯል፣ ማገናኘቱ የናንተ ሥራ ነው። ይሄ አሰላለፍ በአማርኛ ግጥምም ሞልቷል። እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ አንባቢን ስለሚያከብር።

አንድ ተነጻጻሪ ደግሞ ለድሬ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ «እንደ ግመል ሽንት ወደ ኋላ።» ግመል ያላየ የአዲስ አበባ ተማሪ ሦስተኛውን ጥያቄ ይወድቃል።

4. ግሱን እዩ

ተለዋጭና ሰውኛ ዘይቤ የሚምታቱበት ሰው ስሙን ትቶ ግሱን ይመልከት። ግዑዙ ነገር የሰው ሥራ እየሠራ ከሆነ ሰውኛ ነው።

የድሬዳዋን ወንዝ፣ ደቻቱን እንውሰድ። ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በድንገት ይሞላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። «ወስዷል» አልኩ። ዘይቤ ነው? አይደለም። ጎርፍ በእውነት ይወስዳል። «ደቻቱ መጣ» ማለትም ዘይቤ አይደለም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚባል ወሬ ነው። «ደቻቱ የቆየ ዕዳውን ሊሰበስብ መጣ» ከተባለ ግን ዕዳ መሰብሰብ የሰው ሥራ ነው። ሰውኛ የሆነው እዚያ ላይ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ተረት ደግሞ ገምሱት፦ መውሰዱ እውነት፣ ማሳሳቁ ሰውኛ። ተረቱ የሚያስፈራው ሁለቱን ስላጋመደ ነው።

በፆታ አትታለሉ። «ፀሐይ ወጣች» ሲል «ች» ስላለች ፀሐይ ሰው አልሆነችም። የቋንቋው ሰዋስው ነው። «ፀሐይ ተኮሳትራ ወጣች» ካለ ሌላ ነገር ነው።

እኔ ራሴ ሳላስበው የምሠራው አንድ አለ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ «ተወለደች» እላለሁ። ከተማ አይወለድም። ግን ሁሉም ሰው ስለሚለው ግማሽ የሞተ ዘይቤ ሆኗል። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ከመምህራችሁ ጋር ብትከራከሩ ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ባለታሪኩ መልስ ለማይሰጠው ነገር በቀጥታ ሲናገር ደግሞ እንቶኔ ይባላል። «አንቺ ደቻቱ፣ ልጄን የት አደረስሽው?» ሙሾ ውስጥ ብዙ ታገኙታላችሁ።

5. መጠኑን ለኩ

ግነት ላይ አልቆይም። «ላቤ ጎርፍ ሆኖ ከሰፈር አስወጣኝ።» አይሆንም፣ በጣም ትልቅ ሆኗል፣ ግነት ነው። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ በአንድ ሐረግ ውስጥ ሁለት ዘይቤ መኖር ይችላል። ላቡ ጎርፍ ሲሆን ተለዋጭም ነው፣ ግነትም ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

6. ማን፣ ለማን፣ መቼ አለው?

እስካሁን ያሉት ዓረፍተ ነገሩን ብቻ በማየት ይገኛሉ። ምፀት ግን እንዲያ አይገኝም። ምንም የማይሆን ነገር የለበትማ! «አቦ፣ ዛሬስ ብርድ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ጤነኛ ነው። የተናገረው ሰው ግንቦት ላይ፣ ስምንት ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሸሚዙን አውልቆ የሚያራግብ የባጃጅ ሾፌር መሆኑን ስታውቁ ነው የሚገለበጠው። ስለዚህ ንግግር በተገኘ ቁጥር ወደ ላይ ተመለሱና ሁኔታውን አንብቡ። አባባሉ ሰውን ለመውጋት ከሆነ ወደ ሽሙጥ ይጠጋል።

ከአነጋገር ምፀት ሌላ ድራማዊ ምፀት አለ። አንባቢው የሚያውቀውን ባለታሪኩ ሳያውቅ ሲቀር። አንድ ልቦለድ ከድሬ በላይ ባለው ደንገጎ ዳገት ላይ በጠቆረ ደመና ጀመረ እንበል። ሦስት ገጽ ቆይቶ አንድ ሰው ደቻቱ አሸዋ ላይ ነጠላውን አንጥፎ «እዚህ ማን ይነካኛል?» ብሎ ይተኛል። ድሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደጋው ላይ እየዘነበ መሆኑን እኛ አይተናል፣ እሱ አላየም። በሰውየው ንግግር ላይ ምፀት ጻፉ። በመጀመሪያው ገጽ ደመና ላይ ደግሞ ተመልሳችሁ ንግር ብላችሁ ጻፉ፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ሹክ ያለን እሱ ነው። ንግርን በመጀመሪያ ንባብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ ሁለተኛ ንባብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ታሪኩ በተቃራኒው ወዳለፈ ጊዜ ከተመለሰ ምልሰት ነው፤ «ያን ጊዜ»፣ «ትዝ አለው» የሚሉ መሸጋገሪያዎችን ፈልጉ።

7. ጆሮ

ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጁጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ ሲገባ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ አለ። መኪና ግርግር ይባላል። ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፣ ግርር ግርር። ድምፅን የሚቀዳ ቃል ማለት ይሄ ነው፣ ሰዉ ሰፈር ሰይሞበታል። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፦ ዷ አለ፣ ጓ አለ፣ ዥው አለ። «አለ» የሚለው ግስ ከኋላቸው ይከተላል፣ እሱ ይመራችኋል። ግን «ጭጭ አለ» ምን ድምፅ ይቀዳል? ዝምታን! ይሄን የመሰለ ቃል ሳገኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ፊደል በተደጋጋሚ ሲመጣም ጆሮ ይሰማዋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አስምሩ፣ ሁለት ከሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

8. የተደጋገመውን ዕቃ ቁጠሩ፣ ሀገሩንም ጠይቁ

አንድ ዕቃ፣ እንስሳ ወይም ቦታ በታሪኩ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ፣ በተለይ ወሳኝ ቦታ ላይ ከመጣ ትእምርት ሊሆን ይችላል። ዕቃነቱን ሳይለቅ ሌላ ነገር ይወክላል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስህተት አለ። ትርጉሙን ከመዝገብ እንደሚወጣ አድርጎ ማሰብ፦ «ጅብ ማለት ሆዳምነት።» በተረቶቻችን ልክ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለ እሱ ነው፣ ቸኩሎ ቀንድ የነከሰም እሱ። ሐረር ግን ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሰው ሥጋ በእንጨት ሰክቶ በእጁ ያበላዋል። በግንቡ ላይ ጅቡ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል። በዓሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል። እንግዲህ ሐረር ላይ የተጻፈ ታሪክ ውስጥ ጅብ ሲገባ ሆዳምነት ነው ወይስ ጎረቤት? ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሲያዩት ምን ይሰማቸዋል? ይሸሻሉ? በሩን ይተዉለታል? ትርጉሙን ከእነሱ ውሰዱ፣ ከራሳችሁ ፍርሃት አትውሰዱ።

9. ሰምና ወርቅ

ይሄኛው የኛ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎችን እያየሁ የገጠምኳት አለች፦

ሰፊ ነው ብለውኝ ደጁ ብመላለስ፣
እንደ ተቀደደ ቀረብኝ የኔ ልብስ።

መጀመሪያ የታያችሁን ያዙ። ልብስ አለ፣ መቀደድ አለ፤ ስለዚህ «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። አንድ ሰው ልብስ ሰፊው ጋ ተመላልሶ ሳይሰፋለት ቀረ። ይሄ ሰሙ ነው።

ቀጥሎ የማይመች ቃል ፈልጉ። ልብስ ሰፊ ጋ ሰው ልብሱን ሰጥቶ ይሄዳል። «ደጁ ብመላለስ» ለምን አስፈለገ? ደጅ መመላለስ ደጅ መጥናትን ያመጣል፣ ከትልቅ ሰው አንድ ነገር መፈለግን። ሰም ውስጥ የተሸነቆረች ቀዳዳ ይቺ ናት።

አሁን በሁለቱም ንባብ የሚሠራውን ቃል ፈልጉ። «ሰፊ»ን አላልታችሁ ስታነቡ ልብስ የሚሰፋ ነው። «ፊ»ን ስታጠብቋት ደግሞ ሰፊ፣ ልቡ የሰፋ፣ ቸር። ወርቁ ወጣ፦ ቸር ነው ተብዬ ደጅ ጠናሁ፣ ድህነቴ ግን እንዳለ ነው። ሁለት ትርጉም የተሸከመው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። መልስ ላይ ሰሙን፣ ወርቁንና ኅብረ ቃሉን ለየብቻ ጻፉ። በሁለተኛው ስንኝ ያለችውን «እንደ» አያችኋት? እሷም ተነጻጻሪ አይደለችም። «በነበረበት ሁኔታ» ማለቷ ነው።

ማጥበቅና ማላላት ካልሠራ ቃሉን ቁረጡት።

ጅቡ ከደጅሽ ላይ ቆሞ እያየሽ ሳለ፣
ሊበላሽ ነው ብዬ ብነግርሽ ምን አለ?

«ሊበላሽ»ን ከ«ሽ» በፊት ቁረጡት፦ ሊበላ፣ አንቺን። ጅብ ስላለ ይሄ ሰሙ ነው። ሳትቆርጡ፣ «በ»ን አጥብቃችሁ አንብቡት፦ ነገሩ ሊበላሽ ነው፣ ፍቅራችን። ጅቡም ማን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ሁሉም ግጥም ሰምና ወርቅ አለው ብላችሁ ግን አትድከሙ። ሁለተኛው ንባብ በሁለቱም ስንኝ ውስጥ ካልቆመ ወርቅ አይደለም፣ እናንተ ያመጣችሁት ነው።

10. መልሱን ጻፉ

ስሙ፣ ከጽሑፉ የተቀዳው ሐረግ፣ ከዚያ «በምናቸው» ለሚለው የሰጣችሁት መልስ። ሦስቱ ከተሟሉ አንድ መስመር ተኩል ይበቃል። «አንባቢን ይማርካል» የሚለውን አትጻፉ። ሁሉም ተማሪ ይጽፈዋል፣ ስለ የትኛውም ጽሑፍ ሊባል ይችላል።

ለልጁ መለማመጃ ብዬ እዚያው ደብተሩ ላይ የጻፍኩለት ይሄ ነው፦

«ባቡሩ እንደ ቆመ ጣቢያው ከእንቅልፉ ነቃ። ብርቱካን ሻጮች እንደ ንብ ሰፈሩበት። አክስቴ ሻንጣዬን ትታ ፊቴን አየች። ‹እንዴት ወፍረሃል!› አለች። አጥንቴ ከሸሚዜ ውጭ ይቆጠር ነበር። እንደ አባቴ ዝም አልኩ።»

ከማንበባችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት።

ልጁ ይሄን ጊዜ ቀስ አለ። «እንደ ቆመ» ጊዜ ነው ብሎ አለፈው። ጣቢያው ሲነቃ ሰውኛ አለ። «እንደ ንብ» ላይ ተነጻጻሪ ብሎ ጻፈና ሦስተኛውን ጥያቄ ራሱ ጠየቀው፦ በብዛታቸው፣ በጫጫታቸው፣ ጣፋጭ ነገር አይተው በመምጣታቸው። የመጨረሻዋን እኔ አላሰብኳትም ነበር። የአክስትየዋን ንግግር ምፀት አለው፣ አጥንቱን ግነት።

«እንደ አባቴ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰውን ከሰው ማወዳደር ነው፣ ዘይቤ አይደለም ሊል ነበር። እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አባትየው በሕይወት አለ?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ገና አልጻፍኩትም።»